ልጅዎ ይጫወታል ወይስ ይሠራል?

ከሥራ መልስ እስከ እኩለ ሌሊት ኮምፒውተር ላይ የሚያፈጥ ሁሉ ተጫዋች አይደለም፤ ጌም የሚሠራም አለ። ሳይቆጡ «እስቲ የሠራኸውን አሳየኝ» ይበሉት።

ለኮርስ ብሎ ሺዎች ሼቄል ከጠየቀዎ ግን ከመፈረምዎ በፊት ይህን ይወቁ። የጌም መሥሪያው ጎዶትም፣ የሥዕል መሥሪያው ብሌንደርም በነፃ ይገኛሉ። ለሽያጭ ሲወጣ በጉግል ፕሌይ ለመመዝገቢያ አንድ ጊዜ 25 ዶላር፣ በስቲም ለእያንዳንዱ ጌም 100 ዶላር ይከፈላል። መጀመሪያ በእነዚህ አንድ ትንሽ ጌም ጨርሶ ያሳይዎ፤ መጀመርማ ሁሉም ይጀምራል።

ሥራውንም አይልቀቅ። አሜሪካዊው ኤሪክ ባሮን «ስታርዲው ቫሊ»ን ብቻውን ከአራት ዓመት በላይ ሲሠራ፣ በጎን በቲያትር ቤት ተመልካች ያስተናግድ ነበር። ጌሙ በ2016 ወጥቶ በሚሊዮን የሚቆጠር ቅጂ ተሸጠ፤ እንዲህ የሚቀናው ግን ጥቂቱ ነው። የጨረሰው ጌም ካለ ሥራ ሲፈልግ ኮሮት ሀይሙ ላይ ይጻፈው።