ስለ ድሬዳዋና ስለ ወሰኑ አገር፤ ጎርፍ፥ ትንኝና አንበጣ ተከታትለው ሲመጡ

ድሬዳዋ በሐረርጌ ተራሮች ግርጌ፥ ከባሕር ወለል 1,200 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የምትገኝ፥ በ1895 ዓ.ም. የምድር ባቡር ከጅቡቲ በደረሰ ጊዜ የተቆረቆረች ከተማ ናት። በመካከልዋ ደቻቱ የተባለው ወንዝ ያልፋል። ወንዝ መባሉ ግን ለብዙው ወራት ለስሙ ያህል ነው፤ አሸዋው ደርቆ መተላለፊያና ገበያ ይሆናል። ሕዝቡንም ያታለለው ይኸው ነው። ሐምሌ 29 ቀን 1998 ዓ.ም. ለ30 አጥቢያ በደጋው የዘነበው ዝናብ፥ ሰው ሁሉ በተኛበት ሰዓት በደቻቱ ወርዶ ከ250 በላይ ነፍስ አጠፋ፤ ብዙ ሺህ ሰዎችንም ያለ ቤት አስቀረ።

ከዚያ ወዲህ በወንዙ ዳርና ዳር ካብ ተሠርቷል። ካቡ መልካም ነው፤ ነገር ግን ጎርፉ የሚወለደው ከከተማው ውስጥ አይደለም። በደጋው ቁልቁለት ዛፉ ተመንጥሮ ማሳው ያለ እርከን ሲታረስ፥ ውኃው ወደ መሬት መስረጉን ትቶ በላይ በላዩ ይሮጣል። አፈሩንና ድንጋዩንም ይዞ ስለሚወርድ የወንዙ ወለል እየተሞላ ከፍ ይላል፤ ካቡም በዚያው ልክ እያጠረ ይሄዳል። ስለዚህ በደጋው ወረዳ እርከን የሚያሠራው የእርሻ ሹም፥ ራሱ ባያስበውም፥ የከተማው ዘበኛ ነው። ይልቁንም በክረምት ሌሊት ዝናቡ ሲበረታ ለከተማው ሹም በስልክ የሚያስታውቅ ተረኛ በስሙ ተለይቶ መመደብ አለበት፤ «ሁሉም ያስታውቅ» የተባለ እንደ ሆነ የሚያስታውቅ አይገኝምና።

ሁለተኛው ነገር ውኃ በመብዛቱ ሳይሆን በማነሱ የሚመጣ ነው። በከተማው የቧንቧ ውኃ በየቀኑ ስለማይደርስ፥ እያንዳንዱ ቤት በበርሜልና በጋን ያጠራቅማል። ትንኝም በዚያ ትራባለች። ከሐምሌ 2011 እስከ ጥቅምት 2012 ዓ.ም. ቺኩንጉንያ የተባለው መገጣጠሚያን የሚቆረጥም ንዳድ በድሬዳዋ ከ40,000 በላይ ሰዎችን አስተኛ። ደግሞም በ2014 ዓ.ም. ወባ በበጋው ተነሣ። ያመጣችውም ስቴፈንሲ የምትባል፥ ቀድሞ በህንድና በዐረብ አገሮች የምትታወቅ ትንኝ ናት፤ በ2005 ዓ.ም. ገደማ በጅቡቲ፥ በ2009 ዓ.ም. በቀብሪደሃር ታየች። ይህች ትንኝ ረግረግን አትጠብቅም፤ በርሜልና ለግንብ ሥራ የተጠራቀመ ውኃ ይበቃታል። እንግዲህ «ወባ ከክረምት በኋላ ነው» ብሎ የሚጠብቅ ሹም ዘግይቷል።

በከተማው መድኀኒቱ ቀላል ነው፤ በርሜሉን መክደን፥ በየሳምንቱም ባዶ አድርጎ ጐኑን መፈተግ፤ እጩ አድጎ ትንኝ ሆኖ እስኪበር ከሳምንት እስከ ዐሥር ቀን ይፈጅበታልና። በሶማሌ ቆላ ግን ነገሩ ይከብዳል። ትንኟ በቢርካ ውስጥም ትራባለች፤ ቢርካውም የሰውና የከብት መጠጥ ነው። በድርቅ ጊዜ ቢርካውን አፍስሱ ብሎ ማዘዝ ከብቱን ግደሉ እንደ ማለት ይሆናል። የጤናው ሹም ለትንኙ፥ የእንስሳቱ ሹም ለውኃው ብቻ እያሰቡ ለየብቻቸው ትእዛዝ ከጻፉ አርብቶ አደሩ ለሁለቱም አይታዘዝም፤ አይፈረድበትምም። ሁለቱ አንድ ላይ ሄደው መክደኛ ቢያሠሩ፥ ወይም ከብትን የማይጎዳውን የእጭ መድኀኒት ቢጨምሩ ይሻላል።

አንበጣው የመጣው ከሩቅ ነው። በግንቦት 2010 እና በጥቅምት 2011 ዓ.ም. ሁለት ዐውሎ ነፋሶች በዐረብ ምድረ በዳ ዝናብ አፈሰሱ፤ ሰው በሌለበት አሸዋ ላይም አንበጣው ያለ ከልካይ ተራባ። ከዚያ በየመን በኩል ባሕሩን ተሻግሮ ወደ ሶማሊያና ወደ ኢትዮጵያ ገባ። አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሸፍን መንጋ 35,000 ሰዎች የሚበሉትን ያህል በቀን ይበላል። በራሪው በአንድ ቀን ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ስለሚጓዝ አንድ ወረዳ ብቻውን አይችለውም፤ የሚቻለው ገና ክንፍ ያላወጣው ኩብኩባው ነው። ኩብኩባው ከወሰኑ ማዶ ቢፈለፈልና የማዶው ሹም ቢያውቅ፥ የወዲህኛው ግን ባይሰማ፥ ከጥቂት ሳምንት በኋላ የሚሰማው በማሽላው ላይ ሲያርፍበት ነው። መድኀኒት ሲረጭም ንብ አርቢው ቀፎውን እንዲያሸሽ፥ እረኛውም ከብቱን እንዲያርቅ አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል።

በ2012 ዓ.ም. እነዚህ ሁሉ ተደራረቡ። አንበጣው አገሩን ሳይለቅ በመጋቢት ኮሮና ገባና የየብስ ወሰን ተዘጋ፤ በሚያዝያም ድሬዳዋን እንደ ገና ጎርፍ መታት። እንዲህ ባለ ወር ያንኑ መኪናና ያንኑ ነጂ ሦስት መሥሪያ ቤቶች ይፈልጓቸዋል። መኪናው ለማን ይቅደም የሚለው ክርክር መቆረጥ ያለበት አስቀድሞ በበጋ፥ ሁሉም ተረጋግቶ በተቀመጠበት ጊዜ ነው።

ከወሰን ማዶ ያለው ከተማም ከእኛ ዝናብ ይጎዳል። በግንቦት 2015 ዓ.ም. ዋቢ ሸበሌ በሶማሊያ የበለድወይንን ከተማ አጥለቅልቆ ከ200,000 በላይ ሰዎችን ከቤታቸው አስወጣ፤ ያ ውኃ በአብዛኛው በኢትዮጵያ ደጋ የዘነበ ነበር። ከደጋው ተነሥቶ እዚያ እስኪደርስ ግን ቀናት ይፈጃል። በጎዴና በሙስታሂል የወንዙ ከፍታ በየጧቱ ተለክቶ በዚያው ዕለት ለማዶው ሹም ቢነገር፥ የበለድወይን ገበሬ እህሉን ከጎተራ ለማውጣትና ከብቱን ወደ ኮረብታ ለመንዳት ጊዜ ያገኛል።