ክብደቱ የት ይቀመጥ?

ካርስተን ሶልሃይም የጄኔራል ኤሌክትሪክ መሐንዲስ ነበሩ፤ ጎልፍ የጀመሩት 40 ዓመት ካለፋቸው በኋላ ነው። የጎልፍ ዱላ አምራቹን ፒንግን መሥርተው ያስፋፉት ሐሳብ ቀላል ነው፦ ከብረት ዱላው ጭንቅላት መሃል ክብደት ቀንሶ ወደ ጠርዙ ማዞር። ያኔ ኳሷ ከመሃል ወጣ ብላ ብትመታም ጭንቅላቱ እምብዛም አይጠመዘዝም፤ ኳሷም ብዙ አትስትም።

ዱላውን በዝግታ ለሚወዘውዝ ሰው ግን ሌላ ጣጣ አለ፤ ኳሷ ከፍ አትልም። ስለዚህ የጭንቅላቱ ታች ይሰፋል፣ ክብደቱም ዝቅ ይላል። ዱላው እንዲቀልም ዘንጉ ይቀየራል። የብረቱ ብዙ ጊዜ ከ100 ግራም ሲበልጥ፣ ቀላሉ የግራፋይት ዘንግ 60 ግራም ገደማ ነው። የጃፓኑ የጎልፍ ዱላ ብራንድ ዜክሲዮ ስም ያተረፈው በእንዲህ ያለው ቀላል ዱላ ነው።

ሻጭ «ይኼ 7 ቁጥር ብረት ሩቅ ይወስዳል» ካለ፣ ጀማሪው የፊቱን ዘንበል ይጠይቅ። ዘንበሉ ሲቀንስ ኳሷ ትርቃለች፤ ድሮ 34 ዲግሪ አካባቢ የነበረው ደግሞ ዛሬ በብዙዎቹ ዱላዎች ከ30 በታች ወርዷል።