በቤርሼቫ ጓዳዎች የተረሱት የጌም ካሴቶች

የፋሲካ ጽዳት ሲደርስ በቤርሼቫ ሰፈሮች ከቆሻሻ ገንዳው አጠገብ የሚቆለለው ዕቃ ይበዛል። አሮጌ ፍራሽ፣ እግሩ የተሰበረ ወንበር፣ ገመዱ የተጠላለፈ ዲቪዲ ማጫወቻ፤ ከሥሩ ደግሞ ልጆቹ አድገው የረሱት የጌም መሣሪያ ከነካሴቱ። ያገለገሉ ቪዲዮ ጌሞችን እየፈለጉ ለሚያሰባስቡ ሰዎች ይህ የመኸር ወቅት ነው። ሌላው መልካም ጊዜ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የተከራዩትን ቤት የሚለቁበት ሰሞን ነው። ቀድሞ የደረሰ ያነሳል፤ የዘገየው በማግስቱ ያንኑ ዕቃ «ያድ ሽታይም» ላይ ዋጋ ተለጥፎበት ያገኘዋል።

በመኪናው ላይ ድምፅ ማጉያ ሰቅሎ «አልቴ ዛኽን» እያለ የሚዞረው ገዢም ተፎካካሪ ነው። ቃሉ ይዲሽ ነው፣ «አሮጌ ዕቃዎች» ማለት ነው፤ የሚጣራው ሰው ግን ብዙውን ጊዜ ዓረብ ነው። አዲስ አበባ ለቆየ ሰው ጥሪው እንግዳ አይሆንበትም። ያው «ቆራሌው!» ነው። ሰውየው በዋናነት የሚፈልገው ማቀዝቀዣና ብረት ስለሆነ ጌሙ ማንም ልብ ሳይለው ከብረታ ብረቱ ጋር ተጭኖ ሊሄድ ይችላል።

ዋጋን በተመለከተ ብዙ ሰው ተሳስቷል። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2021 በአሜሪካ አንድ ያልተከፈተ «ሱፐር ማሪዮ 64» በጨረታ 1.56 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። ከዚያ ወዲህ ማሕሳኑ ውስጥ አሮጌ ካሴት ያለው ሁሉ ሀብታም የሆነ ይመስለዋል። አይደለም። ያ ሁሉ ገንዘብ የተከፈለው ለጨዋታው ሳይሆን የፕላስቲክ መጠቅለያው ላልተቀደደ ካርቶን ነው። ልጆች የተጣሉበት፣ ስቲከሩ የተላጠ፣ በእስክሪብቶ ስም የተጻፈበት ያው ካሴት ለሁለት ሰው ምሳ ቢያበላ ነው።

የዚህ አገር እውነተኛው ብርቅ ሌላ ነው። በ1990ዎቹ በእስራኤል ብዙ ቤት የገባው የጃፓኑ ኒንቴንዶ ራሱ ሳይሆን «ሜጋሶን» የሚባለው ቅጂ ነበር። ኒንቴንዶ በ1983 በጃፓን ያወጣውን ፋሚኮም የሚገለብጥ ርካሽ መሣሪያ ነው። ተመሳሳዩ ቅጂ በሩሲያ «ዴንዲ»፣ በፖላንድ «ፔጋሰስ» ይባል ነበር። ቤርሼቫ ደግሞ በዚያው ዘመን ከኢትዮጵያም ከቀድሞዋ ሶቪየት ኅብረትም አዲስ መጪዎችን የተቀበለች ከተማ ናት፤ በናሐል ቤቃ የካራቫን ሰፈር ሁለቱም ጎረቤት ነበሩ። የአንዱ ልጅ «ዴንዲ» ሲል ሌላው «ሜጋሶን» ቢልም የሚናገሩት ስለ አንድ ዓይነት መሣሪያ ነበር። ቋንቋ ባይግባቡም ካሴት መዋዋስ ይችላሉ።

ካሴቶቹ ላይ «9999999 በ1» ተብሎ ይጻፋል። ሲከፈት ግን ጥቂት ጨዋታዎች ብቻ ናቸው፤ ስማቸውና መነሻ ደረጃቸው እየተቀየረ ይደጋገማል። በዚያን ጊዜ ልጅ የነበረ ሰው ሁሉ በዚህ ውሸት አንድ ጊዜ ተታሏል። እንዲያም ሆኖ ዛሬ የሚጠፋው ይኸው ነው። ኦሪጅናሉን ሀብታም ሰብሳቢ በመስታወት ሣጥን ያስቀምጠዋል። ሐሰተኛውን ግን ማን ያስቀምጠዋል? ብዙዎቹ በየስማቸው የወጡት በትንንሽ አምራቾች ስለሆነ መዝገብም ተተኪም የላቸውም። የአንድ ሰፈር ልጆች በእርግጥ የተጫወቱት ግን በእሱ ነው።

ነገሩ የናፍቆት ብቻ አይደለም። የአሜሪካው የቪዲዮ ጌም ታሪክ ፋውንዴሽን በ2023 ባወጣው ጥናት፣ ከ2010 በፊት በአሜሪካ ከወጡት ጌሞች 87 በመቶው ዛሬ ከገበያ ውጭ ናቸው። በዚያው ዓመት መጋቢት 27 ኒንቴንዶ የ3ዲኤስንና የዊ ዩን የኢንተርኔት ሱቅ ለሽያጭ ዘጋ፤ እዚያ ብቻ ይሸጡ የነበሩ ጨዋታዎች ከዚያ ቀን ጀምሮ በሕጋዊ መንገድ የሚገዙበት ቦታ የለም። በእጅ የሚያዝ ካሴት ግን ሱቁ ቢዘጋም ይሠራል።

መሥራቱን ማረጋገጥ ግን ያስፈልጋል። ዘመድ ከአሜሪካ ያመጣው አሮጌ መሣሪያ አዳፕተሩ ለ120 ቮልት የተሠራ ነው፤ እዚህ ግድግዳው የሚሰጠው 230 ነው። ሳያዩ መሰካት ማቃጠል ነው። የአሜሪካ ሱፐር ኒንቴንዶ ካሴትም በአውሮፓው መሣሪያ አይሠራም። ጌም ቦይ ግን የአገር ወሰን አያውቅም፣ ከየትም ቢመጣ ይነሳል። በጣም የሚጭበረበረውም እሱው ነው፣ በተለይ ፖኬሞን። የጌም ቦይ ካሴት ስቲከር ወደ ብርሃን ዘንበል ተደርጎ ሲታይ፣ ኦሪጅናል ከሆነ፣ ያለ ቀለም የተረገጠ ትንሽ ቁጥር ይታያል። ካልታየ ገንዘብ ከማውጣት በፊት ሻጩን ደጋግሞ መጠየቅ ነው። ካሴቱ አልነሳ ሲል ሁላችንም የለመድነው «እፍ!» ማለትም ጉዳት አለው፤ ከአፍ የሚወጣው እርጥበት መዳቡን ያዝገዋል። በጥጥ ላይ ትንሽ አልኮል ይበቃል።

ጊዜ የማይሰጠው ባትሪው ነው። በ1990ዎቹ የወጡት የፖኬሞን ካሴቶች ልጁ የደረሰበትን ቦታ የሚያስታውሱት በውስጣቸው ባለች የእጅ ሰዓት ባትሪ በምትመስል ባትሪ ነው። ባትሪዋ ስትሞት ጨዋታው ይነሳል፣ የተጠራቀመው ግን የለም። በዩኤስቢ ከኮምፒውተር ጋር የሚያያዝ ትንሽ ማንበቢያ ትዝታውን አስቀድሞ ሊቀዳው ይችላል፤ ባትሪዋን መንቀልና አዲስ መበየድ ከዚያ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉን የገለበጠ ሰው ባዶ ካሴት ይታቀፋል።

ከገንዳ አጠገብ የተነሳ ካሴት አንዳንድ ጊዜ ሲከፈት የማያውቁት ልጅ ስም ይዞ ይመጣል። ከሰባት ፊደል ያልበለጠ ስም፣ የተጫወተበት ሰዓት ብዛት፣ ስም ያወጣላቸው እንስሳት። ልጁ ዛሬ የራሱ ልጆች ይኖሩት ይሆናል። ቸኩሎ «አዲስ ጨዋታ» ጀምሮ ያስቀመጠ ገዢ ያንን ሁሉ በአንድ ቁልፍ ያጠፋዋል።