ጦስኝ፦ የደጋው መድኃኒት ጥቅሙና ወሰኑ

በደጋው አገር ያሉ ምእመናንም የፕሮጀክት ሠራተኞችም ስለ አገር መድኃኒት ደጋግመው ይጠይቁናል። ጥያቄው ብዙውን ጊዜ ሁለት መልክ አለው። አንዳንዶች «ክርስቲያን በቅጠል መታከም ይገባዋልን?» ይላሉ፤ ሌሎች ደግሞ «ጤና ጣቢያው ሩቅ ነውና ቅጠሉ ምን ያህል ያድናል?» ይላሉ። ዕፁን ሁሉ በአንድ ጽሑፍ ማዳረስ ስለማይቻል ለዚህ ጊዜ አንዱን፥ ይኸውም ጦስኝን መርጠናል።

ጦስኝ ከመሬት ብዙ የማይነሣ፥ ሥሩ እንደ እንጨት ጠንክሮ ዓመት ከዓመት የሚኖር የተራራ ቅመም ነው። ቅጠሉ ጥቃቅን፥ አበባው ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ሲሆን፥ ሲረገጥ እንኳ ሽታው ያውዳል። በባሌ ተራሮች፥ በሰሜን ሸዋ በጣርማ በርና በመንዝ፥ እንዲሁም በወሎና በትግራይ ከፍታዎች ይገኛል። ሁለት ዓይነት ሲሆን ሁለቱም የኢትዮጵያ ደጋ የራሱ ናቸው። ከሁለቱ የአንዱ የሳይንስ ስም የተወሰደው በ19ኛው መቶ ዘመን በዐድዋ አካባቢ ብዙ ዘመን ከኖረው ከጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ከሺምፐር ነው። እናቶች ግን ከእርሱ በፊት ያውቁት ነበር፤ ለሽሮና ለበርበሬ ማጣፈጫ፥ ለሻይም ማሽተቻ ያደርጉታል።

በመድኃኒትነቱ ከሁሉ የታወቀው ለሳልና ለጉንፋን ነው። ቅጠሉ ይፈላና በማር ይጠጣል፤ ወይም እንፋሎቱን ይታጠኑበታል። ለሆድ ቁርጠት፥ ለራስ ምታት፥ ለጥርስ ሕመም የሚጠቀሙበትም አሉ። ይህ ከንቱ ልማድ አይደለም። በቅጠሉ ውስጥ ካለው ዘይት ቲሞልና ካርቫክሮል የሚባሉ ቅመሞች ይገኛሉ፤ ሁለቱም ጀርምን የመግደል ኃይል አላቸው። የጦስኝን የአውሮፓ ዘመድ የአውሮፓ የመድኃኒት ተቆጣጣሪዎች በጉንፋን ለሚመጣ አክታ ያለበት ሳል እንደ ነባር መድኃኒት ተቀብለውታል። ነገር ግን ኃይል ያለው ነገር ሁሉ ይጎዳል። ከ1909 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በደቡባዊ አሜሪካ በመንጠቆ ትል ላይ በተከፈተው ዘመቻ የተጣራ ቲሞል በብዛት ይሰጥ ነበር፤ መርዝነቱ ስለታወቀ ግን ሕመምተኛው ቅባትና አልኮል እንዳይቀምስ በብርቱ ይጠነቀቁ ነበር፤ ኋላም ሌላ መድኃኒት ተካው። ስለዚህ የተጨመቀውን የጦስኝ ዘይት ማንም አይጠጣ። በሻይና በወጥ ያለው መጠን ሌላ ነገር ነው። ነፍሰ ጡር የሆነች እኅትም በምግብ ካለው በላይ በመድኃኒት መጠን ባትወስድ ይሻላል።

አሁን ወደሚያሳስበን ነገር እንግባ። ልጅ ሲያስል እናት ጦስኝ ብታፈላ መልካም ነው፤ የሳንባ ምች የያዘውን ልጅ ግን ጦስኝ አያድነውም። በዓለም ላይ ከተላላፊ በሽታዎች ሁሉ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን በብዛት የሚገድለው የሳንባ ምች ነው፤ የሚገድለውም አንዳንዴ በጥቂት ቀን ውስጥ ነው። «ነገ ይሻለዋል» እየተባለ ቅጠል ሲፈላ የሚያልፈው ጊዜ የልጁ ሕይወት ነው። ስለዚህ በየአጥቢያው ያላችሁ እኅቶችና ወንድሞች ትንፋሽ መቁጠርን እንድትማሩ አጥብቀን እንለምናችኋለን። ልጁ ሳያለቅስ፥ ረጋ ብሎ ሳለ፥ አንድ ሙሉ ደቂቃ በሰዓት ይቆጠር። ከ2 ወር በታች ያለ ሕፃን 60 ጊዜና ከዚያ በላይ፥ ከ2 እስከ 12 ወር ያለ 50 ጊዜና ከዚያ በላይ፥ ከ1 እስከ 5 ዓመት ያለ 40 ጊዜና ከዚያ በላይ ቢተነፍስ፥ ወይም ሲተነፍስ የደረቱ ታችኛ ክፍል ወደ ውስጥ ቢሰረጎድ፥ ወይም መጥባት ቢያቅተው በዚያው ሰዓት ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ፤ ሌሊትም ቢሆን። አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማር አይሰጥ፤ ሕፃናትን በሚፈላ ውሃ እንፋሎት ማጠንም ለቃጠሎ ያጋልጣል።

ጦስኝ ለደም ግፊት ይጠቅማል የሚለው ወሬም በከተማ ተሰራጭቷል። በአይጦች ላይ በተደረገ ምርመራ ግፊትን ሲቀንስ ታይቷል፤ አይጥ ግን ሰው አይደለም። ሻዩን የሚወድ ይጠጣው፤ ክኒኑን ግን ሐኪም ሳያዝዘው አያቋርጥ። ግፊት ሳያሳምም ቆይቶ ድንገት የሚጥል በሽታ ነውና።

ስለ መጀመሪያው ጥያቄ ብዙ አንልም። ቅጠሉ የእግዚአብሔር ፍጥረት ነው፤ ነቢዩ ኢሳይያስም በንጉሥ ሕዝቅያስ ቁስል ላይ የበለስ ጥፍጥፍ እንዲደረግ አዝዞ ነበር። ከቅጠሉ ጋር ድግምት፥ ክታብ ወይም የደም ጭዳ ከተጨመረ ግን ያ ሌላ መንፈስ ነው። ቅጠሉ ያለ ድግምቱም ይሠራል፤ ምእመኑ ይህን ሊያውቅ ይገባል።

ለፕሮጀክት ሠራተኞች አንድ ጉዳይ ቀርቶናል። ጦስኝ የብዙ ድኃ ቤተሰብ የገበያ ገቢ ነው፤ ለቀማውም በአብዛኛው የሴቶችና የልጆች ሥራ ነው። ለመቸኮል ሲባል ከነሥሩ የሚነቀልበት ስፍራ ዳግመኛ አያበቅልም፤ ቁልቁለቱም በዝናብ ይሸረሸራል። በመንዝ ጓሳ ሽማግሌዎች ቄሮ በሚባል ሥርዓት (የዛሬውን የወጣቶች ስም አይደለም የምንለው) ሣሩን ለዓመታት ከልለው እያሳረፉ ያሳጭዱ ነበር፤ ከ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ወዲህ ሥርዓቱ ቢላላም ጓሳ ዛሬም በኅብረተሰቡ የተጠበቀ ነው። ጦስኝንም እንዲሁ በተራ ማሳረፍ ይቻላል። ሲለቀም የላይኛው ለጋ ብቻ በማጭድ ይቆረጥ፥ ግንዱ ይቅር፥ ጥቂቱም ለዘር አብቦ ይተው። በጓሮ ለመትከል ከሥሩ ተከፍሎ ወይም ቅርንጫፉ ተቆርጦ ክረምት ሲገባ ውሃ በማያቋጥር መሬት ይተከላል። የተለቀመው በጥላ ይድረቅ፤ ፀሐይ ዘይቱን ያበንነዋል። ሲፈላም ክዳኑ አይነሣ።