ያውቁ ኖሯል? ከዱስ ጠመኔ እስከ ሬቭሎን ቀይ

● ዱስ በደቡብ ኦሞ፣ በኦሞ ወንዝ ዳር ያለች የካራዎች መንደር ናት። ካራዎች ለጭፈራ ሲዋቡ ነጭ ጠመኔ፣ ቀይና ቢጫ የድንጋይ ዱቄት፣ ከሰልም በጥብጠው ገላቸውን ይቀባሉ። ገላቸው ላይ የሚጥሉት ነጠብጣብ የተቀዳው ከዥግራ ላባ ነው።

● ቀዩን የሚያቀላው የብረት ኦክሳይድ ነው። ሊፕስቲክና ፋውንዴሽን ውስጥም የሚገባው እሱው ነው። ማሸጊያው ላይ 77491 የሚል ቁጥር ካዩ አገኙት ማለት ነው።

● ድሬዳዋ አጠገብ ካለው ፖርክ ኤፒክ ዋሻ 40 ኪሎ ገደማ ቀለም ሰጪ አፈርና ድንጋይ ተገኝቷል። ዕድሜው 40,000 ዓመት ያህል ነው።

● የካራ ሴት ሆዷ ላይ የምታወጣው ጠባሳ ለውበት ነው። የወንዱ የደረት ጠባሳ ግን ጠላት መግደሉን ይመሰክር ነበር። ማንበቢያውን መንደሩ ሁሉ ያውቀዋል፤ ማስታወቂያ ሠሪ ግን ትርጉሙን ራሱ ፈጥሮ ማስለመድ አለበት።

● እንዴት እንደሚያስለምድ ማየት ለሚሻ፣ የመዋቢያ አምራቹ የሬቭሎን «እሳትና በረዶ» ጥሩ ማሳያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1952 የወጣው ይህ ማስታወቂያ የሚሸጠው ቀይ ሊፕስቲክና የጥፍር ቀለም ነበር። ሞዴሏ ዶሪያን ሊ ብርማ ቀሚስ ለብሳ፣ ቀይ ካባ ደርባ ቆማለች፤ ፎቶው የሪቻርድ አቬዶን ነው። ከጎኑ 15 ጥያቄዎች ተደርድረዋል፤ ጫማሽን አውልቀሽ ጨፍረሽ ታውቂያለሽ ወይ የሚል ዓይነት። ቢያንስ ለስምንቱ «አዎ» ያለች ቀለሙ ለእሷ የተሠራ ነው። ስለ ቀለሙ ጥራት ማን ጠየቀ? የተሸጠው ጠባይ ነው!

● እ.ኤ.አ. በ1946 የተመሠረተው የመዋቢያ ኩባንያ ኤስቴ ላውደር ጥቁር ሴትን የማስታወቂያው ፊት ያደረገው ከ57 ዓመት በኋላ፣ በ2003 ነው። እሷም የአዲስ አበባዋ ሊያ ከበደ ነበረች።

● የደቡብ ኦሞዎቹ የሙርሲ ሰዎች በአዘቦት ቀን የማያደርጉትን ጌጥ ለቱሪስት ካሜራ ይደራርባሉ፤ ለፎቶውም ያስከፍላሉ። ደግ አደረጉ! ሞዴል የትም አገር ይከፈለዋል።

● እ.ኤ.አ. በ1975 ሕንድ ውስጥ ገበያ የወጣው የቆዳ ማቅያ ቅባት «ፌር ኤንድ ላቭሊ» ለዓመታት ጠይምና የቀላ ፊት ጎን ለጎን እያሳየ፣ ሥራውንም ባሉንም ለቀላችው ሲሰጥ ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ2020 «ፌር» (ቀላ ያለ) የሚለው ቃል ከስሙ ወጣ። ስም መለወጥ ቀላሉ ሥራ ነው።

● ዓለም አቀፉ የሚናማታ ስምምነት ሜርኩሪ ያለባቸውን የቆዳ ማቅያ ቅባቶችና ሳሙናዎች ይከለክላል። ስለዚህ ሲገዙ የፊት ለፊቱን ሥዕል ትተው የጀርባውን ጽሑፍ ያንብቡ፤ ሜርኩሪ የሚል ካዩበት አይግዙት፤ አለመጻፉ ግን የለበትም ማለት አይደለም።