ሳይታሽ የሚጋገር ዳቦ፤ ለጣርማ በር ደጋና ለይፋት ቆላ

ዳቦ በየቤቱ የተወደደ ምግብ ነው። ነገር ግን ሊጡን ማሸት ጉልበት የሚፈጅ ሥራ ስለ ኾነ፣ ከዓውደ ዓመት፣ ከድግስና ከሰደቃ ቀን በቀር በብዙ የገበሬ ቤት አዘውትሮ አይጋገርም። በቆላ ያለው ገበሬም ያመረተውን ማሽላ ሸጦ፣ ልጆቹ የሚበሉትን ዳቦ ከከተማ ገዝቶ ሲመለስ ይታያል።

በዚህ ጽሑፍ የምናስረዳው ሊጡን ሳያሹ፣ ከስንዴው ላይ የራስዎን ማሽላ ጨምረው፣ በቤትዎ ምጣድ ጥሩ ዳቦ የሚጋግሩበትን ዘዴ ነው። ዘዴው ቀላል ነው። ኾኖም አንድ ነገር አጥብቆ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ይኸውም ሊጡ የሚቆይበት ጊዜ በደጋና በቆላ አንድ አለመኾኑን ነው።

፩. ሳይታሽ እንዴት ይነፋል?

የስንዴ ዱቄት ውሃ ሲነካው በውስጡ ያሉት ፕሮቲኖች እርስ በርሳቸው ተያይዘው እንደ ጅማት የሚለጠጥ ነገር ይሠራሉ፤ ይህም ግሉተን ይባላል። እርሾው ከዱቄቱ የሚገኘውን ስኳር እየበላ አየር ያወጣል፤ ግሉተኑም ያን አየር እንደ ፊኛ አምቆ ይይዘዋል። ዳቦ የሚነፋው በዚህ ምክንያት ነው።

ማሸት ይህን ትስስር ያፋጥነዋል እንጂ ብቸኛ መንገዱ አይደለም። ሊጡ በቂ ውሃ ከጠጣና ብዙ ሰዓት ከቆየ ትስስሩ በራሱ ይሠራል፤ እርሾው የሚያወጣው አየርም ሊጡን ከውስጥ እየገፋ ይለጥጠዋል። እንግዲህ ክንድ የሚሠራውን ሥራ ጊዜ ይሠራዋል ማለት ነው።

በ1999 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቆጣጠር በ2006) ጂም ሌሂ የተባለ የኒው ዮርክ ዳቦ ጋጋሪ ይህን ዘዴ በኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጣ አስረድቶ ብዙ ሰዎች ተከትለውታል። የእርሱም ዘዴ እርጥብ ሊጥ በጥቂት እርሾ ለውሶ፣ ከ12 እስከ 18 ሰዓት አቆይቶ፣ ክዳን ባለው የጋለ ከባድ ድስት መጋገር ነው። ለእኛ አገር ሰው ግን ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። እናቶቻችን ድፎ ዳቦ ሲጋግሩ ሊጡን አሳድረው፣ በኮባ ሸፍነው፣ ከላይና ከታች እሳት አድርገው ያበስሉታል። ክዳኑም ኾነ ኮባው ሥራው አንድ ነው፤ እንፋሎቱን ይዞ ቅርፊቱ ቶሎ እንዳይደርቅና ዳቦው እንዲነፋ ያደርጋል።

፪. ደጋና ቆላ

ጣርማ በር ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። ቁልቁለቱን በደብረ ሲና አልፈው ሸዋ ሮቢት ሲደርሱ ከፍታው ወደ 1,300 ሜትር ግድም ይወርዳል። ከፍታ በ1,000 ሜትር በቀነሰ ቁጥር አየሩ በአማካይ 6 ዲግሪ ተኩል ያህል ስለሚሞቅ፣ በሁለቱ ቦታዎች መካከል ከ10 ዲግሪ በላይ ልዩነት አለ። እርሾ ደግሞ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲጨምር ሥራው እጥፍ ያህል ይፈጥናል።

የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ ይህን በራሱ ስሕተት ተምሮታል። በደጋ የለመደውን ልክ ይዞ ሮቢት ወርዶ፣ ሊጡን በ11 ሰዓት ማታ ለውሶ፣ ጎረቤት ሴቶች በ2 ሰዓት ጠዋት መጥተው እንዲያዩ ቀጠረ። ሲነጋ ሊጡ ከቡሃቃው ፈሶ፣ ሆምጥጦና ረግቦ ተገኘ። አንዲት አዛውንት እናት አየት አድርገው፣ «ልጄ፣ ይህ ሊጥ ሳይጋገር አረጀ እኮ» አሉት። ያሉት እውነት ነበር፤ ሊጡን የገደለው የሰዓት ብዛት ነው።

ስለዚህ የሚከተለውን እንደ መነሻ ይያዙ፤

በሮቢትና በአካባቢው ቆላ፣ በሞቃቱ ወራት ከ5 እስከ 7 ሰዓት፤ በበጋው ቀዝቃዛ ሌሊት ከ8 እስከ 10 ሰዓት። ማታ ሊተኙ ሲሉ ለውሰው ጎሕ ሲቀድ ይጋግሩ።

በደብረ ሲና አካባቢ፣ ከ12 እስከ 16 ሰዓት።

በጣርማ በር ደጋ፣ ከ18 እስከ 24 ሰዓት። ዛሬ ከቀትር በኋላ ለውሰው፣ ከምድጃው አጠገብ አሳድረው፣ ነገ ረፋድ ላይ ይጋግሩ።

፫. ማሽላውን እንዴት እንጨምር?

ማሽላ ግሉተን የለውም። ስለዚህ ብቻውን እንዲህ ያለ የተነፋ ዳቦ አይወጣውም፤ ሲበዛም ዳቦው ይፈረፈራል። ከ5 ኩባያ ዱቄት 4 ኩባያ ስንዴ፣ 1 ኩባያ ማሽላ ቢያደርጉ ግን መልካም ዳቦ ይኾናል። ቀዩ ማሽላ ሊመር ስለሚችል ነጩን ይምረጡ። እህሉ የሻገተ ወይም የነቀዘ አይኹን።

የማሽላውን ዱቄት አስቀድመው በፈላ ውሃ ይለውሱት። ይህ ለእንጀራ አብሲት እንደ መጣል ያለ ሥራ ነው፤ ማሽላው ውሃ ጠጥቶ ስለሚያያዝ ዳቦው ለስላሳ ይኾናል።

፬. ልክና አለዋወስ

የሚያስፈልገው ይህ ነው፤ የተነፋ የስንዴ ዱቄት 4 ኩባያ፣ የነጭ ማሽላ ዱቄት 1 ኩባያ፣ ውሃ 2 ኩባያ፣ አዮዲን ያለው ጨው 2 የሻይ ማንኪያ፣ ደረቅ እርሾ በቆላ ሩብ የሻይ ማንኪያ፣ በደጋ ግማሽ የሻይ ማንኪያ። ደረቅ እርሾ ከሌለ ካለፈው ሊጥ የተረፈውን እርሾ በቆላ 2 የሾርባ ማንኪያ፣ በደጋ ግማሽ ኩባያ ያግቡበት። ጥቁር አዝሙድና ድንብላል እንደ ፈቃድዎ ነው።

ሀ) የማሽላውን ዱቄት በ1 ኩባያ የፈላ ውሃ ለውሰው ለብ እስኪል ያቀዝቅዙት። ትኩስ ሳለ እርሾ ቢነካው እርሾው ይሞታል።

ለ) የስንዴውን ዱቄት፣ ጨውንና እርሾውን በቡሃቃ ቀላቅለው፣ የማሽላውን ሊጥና የቀረውን 1 ኩባያ ውሃ ጨምረው በማማሰያ ያዋሕዱ። ደረቅ ዱቄት እስኪጠፋ ብቻ ይበቃል፤ አይሹት።

ሐ) ሊጡ በማንኪያ ሲያነሡት ተጎትቶ የሚወርድ፣ ነገር ግን እንደ እንጀራ ሊጥ የማይፈስ ይኹን። የወፍጮ ዱቄት ውሃ ስለሚወድ፣ ቢጠጥር እስከ ግማሽ ኩባያ ውሃ ይጨምሩ።

መ) በንጹሕ ጨርቅ ሸፍነው ያስቀምጡ።

፭. ምስክሩ ብርጭቆ

ሰዓት ያታልላል፤ ብርጭቆ ግን አያታልልም። ከለወሱት ሊጥ ጥቂት ቆርሰው በብርጭቆ ውስጥ እስከ ሲሶው ያድርጉ። ሊጡ የደረሰበትን ልክ በክር አስረው ምልክት ያድርጉና ከቡሃቃው አጠገብ ያስቀምጡት። በብርጭቆው ያለው ሊጥ እጥፍ ሲኾን የቡሃቃውም ሊጥ ደርሷል ማለት ነው። ላዩ አረፋ የሞላበት ቢኾን ጥሩ ነው፤ መካከሉ መርገብ ከጀመረ ግን አይዘግዩ።

፮. አጋገር

እጅዎን በውሃ አርሰው የሊጡን ዳርና ዳር ወደ መካከል ሦስት አራት ጊዜ ያጥፉ፤ ከዚያም በደጋ 1 ሰዓት፣ በቆላ ግማሽ ሰዓት ያሳርፉት። የኮባ ወይም የሙዝ ቅጠል እንዳይሰነጠቅ በእሳት ለብለብ አድርገው በምጣዱ ላይ ያንጥፉ። ሊጡን አፍስሰው በቅጠሉ ይሸፍኑ፤ ከላይ ሌላ ምጣድ ወይም ብረት ደፍተው ፍም ያድርጉበት። የታችኛው እሳት መጠነኛ ይኹን።

ከ45 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት ባለው ጊዜ ይበስላል። ንጹሕ ስንደዶ ወግተው ሲያወጡት ሊጥ ካልያዘ፣ ጀርባውንም ሲያንኳኩት ባዶ ነገር እንደ መምታት ከተሰማ ደርሷል። በጨርቅ ጠቅልለው እስኪበርድ ሳይቆርሱ ያቆዩት።

፯. ሲበላሽ ምን ይደረግ?

ሊጡ ካልተነፋ ጊዜ አንሶታል ወይም ቦታው ቀዝቅዟል፤ ወደ ሞቀ ስፍራ ወስደው ይጠብቁት። አልፎበት ከረገበ አይጣሉት፤ 1 ኩባያ የስንዴ ዱቄትና ጥቂት ውሃ ጨምረው ለውሰው እንደ ገና እስኪነሣ ይጠብቁ፤ ወይም ስስ አድርገው ቂጣ ይጋግሩት። የተጋገረው ዳቦ በቆላ ሙቀት ቶሎ ስለሚሻግት የሁለት ቀን ልክ ብቻ ይጋግሩ። የሻገተውን ለልጆች አይስጡ።

፰. ለልማት ሠራተኞች

ይህን ዘዴ በቃል ብቻ አያስተምሩ። በቀበሌው በአንድ ቤት ሊጡን ከባለቤቲቱ ጋር ኹነው ይለውሱ፤ ብርጭቆውን ያስቀምጡ፤ ሲደርስ ሰዓቱን ይመዝግቡ። በሚቀጥለው ወር አየሩ ሲለወጥ ደግመው ይሞክሩ። የራስዎ ቀበሌ ሰዓት የሚገኘው ከዚህ ሙከራ እንጂ ከዚህ ጽሑፍ አይደለም። እናቶች ስለ እርሾ የሚያውቁትንም አስቀድመው ይጠይቁ፤ ብዙ ዘመን ሊጥ ያሳደረ ሰው ከእኛ የበለጠ ምልክቱን ያውቃል።

አንባቢ ሆይ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በግማሹ ልክ ይሞክሩት። ቢበላሽ የሚጠፋው ጥቂት ዱቄት ነው፤ ቢሳካ ግን ከጎተራዎ ያለው ማሽላ ከገበታዎ ላይ ዳቦ ኾኖ ይቀርባል፤ የባለቤትዎም ክንድ ያርፋል።