ጋሪና ዊልቸር በአንድ አውቶቡስ፦ ማን ለማን ይልቀቅ?

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። አውቶቡስ ውስጥ ናችሁ። ስታባብሉት የቆያችሁት ልጅ ገና አሁን ጋሪው ላይ እንቅልፍ ወስዶታል። ቀጣዩ ፌርማታ ላይ በሩ ሲከፈት ዊልቸር ላይ የተቀመጠ ሰው ይጠብቃል። ያለው ክፍት ቦታ አንድ ብቻ ነው፤ እሱንም የያዛችሁት እናንተ ናችሁ። ልጁን ቀስቅሳችሁ ጋሪውን ታጥፋላችሁ? ወይስ እንዳላየ ሆናችሁ በመስኮት ታያላችሁ?

ተራ ጥያቄ እንዳይመስላችሁ። እንግሊዝ አገር ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ አካሷል።

ነገሩ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ በየካቲት 2012 አንድ የዊልቸር ተጠቃሚ ከዌዘርቢ ወደ ሊድስ ሊሄድ አውቶቡስ ይጠብቃል። ከሊድስ በባቡር ሄዶ ከወላጆቹ ጋር ምሳ ሊበላ ነው። አውቶቡሱ መጣ። በዊልቸሩ ቦታ ላይ ግን አንዲት እናት የተኛ ልጇን ከነጋሪው አቁማለች። ቦታው ለዊልቸር እንዲለቀቅ የሚጠይቅ ማስታወቂያም እዚያው ተለጥፏል። ሾፌሩ ጋሪውን እንድታጥፍ ጠየቃት። አይታጠፍም አለች። አለቀ!

ሰውየው የራሱን ዊልቸር አጥፎ ተራ ወንበር ላይ ልቀመጥ ብሎ ለመነ። ሾፌሩ የታጠፈውን ዊልቸር አስሮ የሚይዝ ነገር ስለሌለ አደጋ አለው ብሎ ከለከለው። ቀጣዩን አውቶቡስ ሲጠብቅ ባቡሩ አመለጠው።

ታዲያ ሰውየው “ይሁን” ብሎ አልተወውም፤ የአውቶቡሱን ኩባንያ ከሰሰ። በ2013 ፍርድ ቤት 5,500 ፓውንድ ካሳ ፈረደለት። በ2014 ይግባኝ ሰሚው ሻረበት። በመጨረሻ ጥር 18 ቀን 2017 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ቃሉን ሰጠ። ሾፌሩ አንዴ ጠይቆ እምቢ ሲሉት ዝም ብሎ መንዳት አይበቃውም። እምቢታው በቂ ምክንያት ከሌለው ጠንከር አድርጎ መናገር፣ ካስፈለገም ተሳፋሪውን ይሉኝታ እስኪይዘው አውቶቡሱን ለጥቂት ደቂቃ ማቆም አለበት ተባለ። በግድ ያስወርድ ግን አልተባለም። ካሳውም ቀረ።

እናቶችም የሚሉት አላቸው። በአንድ እጅ ሕፃን፣ በሌላው አስቤዛ ይዞ ጋሪ ማጠፍ ቀላል ነው እንዴ? መንታ የያዘችውስ? እውነታቸውን ነው።

ግን አንድ የተረሳ ነገር አለ። ድሮ የእንግሊዝ አውቶቡሶች ከፍ ያለ ደረጃ ነበራቸው። ያኔ እናት ጋሪዋን አጥፋ ነበር የምትሳፈረው፤ ባለ ዊልቸሩ ደግሞ ጭራሽ አይሳፈርም። በ1990ዎቹ አካል ጉዳተኞች መንገድ ዘግተው፣ ራሳቸውን ከአውቶቡስ ጋር በሰንሰለት አስረው ጮኹ። የ1995ቱ ሕግ ወጣ። ከ2000 መጨረሻ ጀምሮም አዲስ የሚገቡ የከተማ አውቶቡሶች ለዊልቸር የሚመች መግቢያና ቦታ እንዲኖራቸው ተደነገገ። ዛሬ ጋሪ እየተገፋ የሚገባው በነሱ ትግል በተከፈተ በር ነው። በሩን ያስከፈተው ሰው ውጪ ሲቀር አያሳፍርም ትላላችሁ?

እንግዲህ ለንደን ያላችሁ እህቶቻችን፣ ከአገር ቤት ልትሄዱ ያሰባችሁም ስሙኝ። ጋሪ ስትገዙ ውበቱን ብቻ አትዩ፤ በአንድ እጅ መታጠፉን ሞክሩ። የእናቶቻችንን አንቀልባ አትናቁ፤ ጋሪው ሲታጠፍ ልጁ ጀርባችሁ ላይ እንቅልፉን ይቀጥላል። ዊልቸር ፌርማታው ላይ ስታዩ ሾፌሩ ሳይጠይቃችሁ ተነሱ። ልጅ የሌላችሁ ወጣቶችም ዳር ቆማችሁ ፍርድ አትስጡ። “አስቤዛውን ልያዝልሽ” ማለት ምን ይከብዳል?

ጋሪው ለልጁ መኝታ ነው። ዊልቸሩ ግን ለሰውየው እግሩ ነው። ይታያችሁ፣ በዚያን ቀን እግሬን ልጠፍ ብሎ የለመነው እሱ ነበር!

እናንተ ብትሆኑስ ምን ታደርጉ ነበር?